ጋሼ ራጅና የሹልኬ ጉልበት

የእህቴን ባል ሰው ሁሉ ጋሼ ራጅ ይለዋል። እውነተኛ ስሙን የምናውቀው እህቴ፣ እኔና የክሊኒኩ የሠራተኛ መዝገብ ብቻ ነን፤ እህቴም ስትቆጣ ብቻ ነው የምትጠራው። ከስታዲየሙ ጀርባ ባለችው ክሊኒክ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ራጅ አንስቷል። እኔም እዚያው ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። ከመስኮቴ እስከ ራጅ ክፍሉ በር አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ ስለዚህ የማወራችሁን አብዛኛውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ያላየሁትን ሰምቼዋለሁ፤ ግድግዳው ስስ ነው።

ጋሼ ራጅ አጭር፣ ወፈር ያለ፣ ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው ነው። "ትንፋሽ ያዝ! እንዳትነቃነቅ!" ሲል በሽተኛው ብቻ ሳይሆን ኮሪደር ላይ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል። አንድ ቀን ስልክ ተደውሎለት "ተንፍስ" ማለቱን ረስቶ ቢወጣ፣ አንድ ታዛዥ ሽማግሌ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ አገኘናቸው። ስታዲየም ውስጥም ያው ነው። የኛ ቡድን ፍጹም ቅጣት ምት ሲያገኝ ከትሪቡኑ ላይ ቆሞ "ትንፋሽ ያዝ!" ይላል፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ይይዝለታል። ኳሷ ወደ ሰማይ ስትወጣ ግን "ተንፍስ" የሚለው ቃል አፉ ላይ ይቀራል።

በሥራው ግን ቀልድ አያውቅም። "ሰው ይዋሻል እንጂ ራጅ አይዋሽም" ማለት ይወዳል። በሃያ ዘጠኝ ዓመት አንድም ፊልም ተለዋውጦበት አያውቅም። ክሊኒካችን ዛሬም በድሮው የፊልም ማሽን ነው የሚሠራው፤ እሱ ፊልሙን ራሱ ያጥባል፣ ራሱ ያደርቃል፣ ስምና የካርድ ቁጥር የተጻፈባትን ወረቀት ጥጉ ላይ ራሱ ይለጥፋል። የሕመም ፈቃድ ፈልጎ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ የሚመጣ ቢኖር፣ "አጥንትህ ከኔ አጥንት ይልቅ ለሥራ የጓጓ ነው" ብሎ ይሸኘዋል። እኔ በዚህ እኮራበት ነበር። በፊቱ አልናገረውም እንጂ።

እንግዲህ ጉዱ ያለው የሚደግፈው ቡድን ላይ ነው። ክለቡን ከአምስት ዓመት በፊት አንድ የፍራሽ ፋብሪካ ባለቤት ገዛው፤ ሰው ባለፍራሹ ይለዋል። እኔ ኳስ ብዙም አይገባኝም፤ ባለፍራሹን ግን ከጋሼ ራጅ በፊት ነው የጠላሁት። ከፋብሪካው የገዛሁት ፍራሽ በሦስተኛው ወር መሐሉ ሰርጉዶ ገንዳ ሆኖብኛል። በግራ ጎኔ ተኝቼ በቀኝ ጎኔ ነው የምነቃው።

ባለፍራሹ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ማሊያው ደረት ላይ "ተኙ፣ እኛ አለን" ብሎ ማጻፍ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ የተጋጣሚ ደጋፊ በሙሉ፣ ቡድናችን ሜዳ ሲገባ "እሹሩሩ" እያለ ይቀበለዋል። ሁለተኛው ሥራው ተጫዋች መሸጥ ነው። ማን ኳስ መምታት ለመደ፣ ማን ስሙ ተጠራ፣ በሳምንቱ የለም። በረኛውን በዕረፍት ሰዓት ሸጦት በሁለተኛው አጋማሽ ለተጋጣሚ ተሰለፈ የሚሉ አሉ። ጋሼ ራጅ እውነት ስለሚወድ "ይሄ ስም ማጥፋት ነው፤ በማግሥቱ ነው የሸጠው" ይላል። አምበሉን ደግሞ በአንድ ተከላካይና በአንድ የጭነት መኪና ለወጠው። ተከላካዩ ሁለት ጨዋታ ተጫውቶ የት እንደገባ አልታወቀም። መኪናው ግን ዛሬም ፍራሽ ያመላልሳል፤ ደጋፊዎቹ ስሙን አምበል አሉት፣ በመንገድ ሲያልፍም እጃቸውን ያውለበልቡለታል። ሹፌሩ ታዋቂ የሆነ ይመስለዋል።

ከዚህ ሁሉ ሽያጭ የተረፈው ሹልኬ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በግራ መስመር ሲሮጥ በሁለት ተከላካዮች መሐል ሹልክ ብሎ ስለሚያልፍ ነው ሹልኬ የተባለው። ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር ቀርቶት ነበር። ደጋፊው ያንን ዓመት ሙሉ "ሹልኬን አስፈርም!" እያለ ጮኸ፣ ጨርቅ ላይ ጻፈ፣ የፋብሪካው በር ላይ ቆመ። ባለፍራሹ አንድ ቀን በሬዲዮ ቀርቦ መለሰ፦ "ዕቃ መጋዘን ውስጥ ሲቆይ ይሻግታል። ስለዚህ ለማዶው ቡድን ሸጬዋለሁ።" የማዶው ቡድን ማለት ከድልድዩ ወዲያ ያለው ነው፤ በኛ ቤት ስሙ በምግብ ሰዓት አይጠራም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሹልኬ ራሱ መሸጡን የሰማው ፀጉሩን እየተቆረጠ ከዚያው ሬዲዮ ነው።

የቀረው የሕክምና ምርመራ ብቻ ነበር። የማዶዎቹ ሐኪም የግራ ጉልበቱ ራጅ ይቅረብልኝ አለ። በአካባቢው ደግሞ ራጅ ያለው አንድ ቦታ ነው።

ሰኞ ጠዋት መስኮቴ ላይ ሰባት ጤነኛ ሰዎች ተሰለፉ። ፊተኛው የደጋፊ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጎሚስታው ነው፤ ጎማ የሚጠግንባት ሱቁ የኮሚቴው ጽሕፈት ቤትም ናት።

"ምንህን ነው የሚያምህ?" አልኩት።

"ክለቤን።"

"እሱ ፎርሙ ላይ የለም።"

"እንግዲያው ሆዴን በይው፣ ያው ነው።"

ሰባቱም ካርድ አውጥተው ራጅ ክፍል ገቡ። እኔም ወንበሬን ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረግኩ።

"ጋሼ" አለ ጎሚስታው፣ "ረቡዕ ሹልኬ አንተ ጋ ይመጣል። የምንለምንህ አንዲት ስንጥቅ ብቻ ነው። የፀጉር ያህል።"

"የፀጉር ያህል ስንጥቅ ከየት ላምጣ? ሱቅ ትሸጣለች?"

"አንተ እኮ ባለሙያ ነህ! እኔ ራሴ ጎማው ላይ ቀዳዳ ሲጠፋ…" ብሎ ጀመረና በድንገት ዝም አለ። ስድስቱ ሰዎች ዞር ብለው ሳያዩት አልቀሩም፤ ሁሉም ደንበኞቹ ናቸው።

"ውጡ" አለ ጋሼ ራጅ። "ሰው ይዋሻል እንጂ ራጅ አይዋሽም።"

ወጡ። እሱም ደረቱን ነፍቶ በር ላይ ቆመ። ሲራመድ ግን እንደ ልማዱ ግራ እግሩን እየጎተተ ነው።

ስለዚህ ጉልበት ልንገራችሁ። አሥር ዓመት ሙሉ ያመዋል። ጎል በገባ ቁጥር ትሪቡኑ ላይ እየዘለለ ነው ያበላሸው፤ ጎል ሳይገባም ይዘልላል። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ ከሞተ ቆይቷል። በጉልበቱ ምክንያት የጋዝ ሲሊንደሩንም የውሃ ጀሪካኑንም የምታወጣው እህቴ ናት። "ራጅ ተነሣ" ብላ ያልለመነችበት ሳምንት የለም። እሱ ግን የሀገሩን ሁሉ አጥንት አይቶ የራሱን ማየት ይፈራል። "ነገ" ይላታል። እህቴም ልቧ ገሚሱ ያዝንለታል፣ ገሚሱ ደግሞ ይጠረጥረዋል።

ረቡዕ ሹልኬ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ "እንደምን አሉ ጋሼ" ሲል ሰማሁት። ጋሼ ራጅ ያንን ልጅ ሦስት ዓመት ከትሪቡን ላይ ነው ያየው፤ አሁን በቁምጣ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶለታል። ወሬው አያልቅበትም። ስለ ባለፍራሹ አወራ፣ ስለ አምበሉና ስለ መኪናው አወራ፣ ደጋፊው እንዴት እንቅልፍ እንዳጣ አወራ። ልጁ ሁለት ጊዜ የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት "እንዳትነቃነቅ!" ብሎ አዘጋው። ፊልሙ ተነሣ። ልጁም አመስግኖ ሄደ።

ፊልሙን አጥቦ መብራቱ ላይ ሲሰቅለው ምን እንደተሰማው ኋላ ነገረኝ። እንዲህ ያለ ጉልበት በዕድሜው አላየም። ንጹሕ ነው፣ ተለክቶ የተቀረጸ ነው። ይህ ጉልበት ድልድዩን ተሻግሮ በኛ ላይ ጎል ሊያገባ ነው ብሎ አሰበ። ከዚያ በኋላ፣ እንደ እሱ አባባል፣ ማሰቡን አቆመ።

ወደ ካርድ ክፍል ብቅ ብሎ "ነይ እስቲ፣ አንዲት ቁልፍ ትጫኚልኛለሽ" አለኝ።

"የምን ቁልፍ?"

"ጉልበቴን ላነሣ ነው።"

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። አሥር ዓመት የተለመነ ሰው! ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ ተጋደመ፣ ማሽኑን ራሱ አስተካከለ፣ እኔን ከመጋረጃው ጀርባ አቆመኝ። ከዚያ በዚያ ድምፁ "ትንፋሽ ያዝ! እንዳትነቃነቅ!" ብሎ ራሱን አዘዘና ያዘ። ቁልፉን ተጫንኩ። አሁን ግን ትንፋሹን ስለያዘ "ተንፍስ" የሚል ሰው ጠፋ። ዓይኑ ሲፈጥብኝ ነው የገባኝ።

"ተንፍስ ጋሼ!" አልኩት።

ተነፈሰ።

ያን ጊዜ ያላወቅኩትን እናንተ አሁኑኑ እወቁት። የራሱን ያረጀ ጉልበት አጥቦ የሹልኬን ስም ለጠፈበትና አሽጎ ለማዶው ቡድን ላከው። የሹልኬን ንጹሕ ጉልበት ደግሞ ምንም ሳይለጥፍበት መሳቢያው ውስጥ ደበቀ። በሃያ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው ውሸቱ ይህ ነው።

እኔ ደግሞ ደግነት ያዘኝ። ጋሼ ራጅን አውቀዋለሁ፤ ፊልሙን ያነሣል እንጂ ለሐኪም አያሳይም። ስለዚህ ምሳ ሲወጣ ካርድ አወጣሁለት፣ መሳቢያውን ከፈትኩ፣ ስም የሌለው ትኩስ የጉልበት ፊልም አገኘሁ፣ ስሙን በሚያምር ጽሕፈቴ ጽፌ ለጠፍኩበትና ለክሊኒካችን የአጥንት ሐኪም አስገባሁላት። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ነገር ሳልጠየቅ ብሠራ ይኸው ነው የገጠመኝ።

ሐኪሟ ያሰበችውን የማትውጥ ሴት ናት። ፊልሙን አይታ እየሳቀች ወጣች። "ይሄ ሰውዬ በምን ሒሳብ ነው የሚያነክሰው? ጉልበቱ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነው!" አለች። ያንኑ ቃል በቃል ወረቀት ላይ አሰፈረችው። እኔም ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ለእህቴ ወሰድኩላት።

እህቴ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛውን ጮክ ብላ ነው። ከዚያ ባሏን በእውነተኛ ስሙ ጠራችው።

"አሥር ዓመት!" አለች። "አሥር ዓመት ሲሊንደር ተሸክሜ አራት ፎቅ ስወጣ፣ አንተ ከኋላዬ እያነከስክ 'አይዞሽ፣ በርቺ' ትለኛለህ!"

"ስሚኝ እስቲ…"

"ምኑን ልስማ? አንተው ራስህ ራጅ አይዋሽም ስትል አልነበር?"

 ምን ይበል? ወረቀቱ ውሸት ነው ቢል፣ እንዴት አወቅህ ትለዋለች። ወረደና ሲሊንደሩን ተሸከመ። በማግሥቱ ጀሪካኖቹን አወጣ። በሦስተኛው ቀን እህቴ ስድስት ዓመት ቦታው ያልጣማትን ቁምሣጥን አስታወሰች። ያንን ቁምሣጥን ከክፍል ክፍል አራት ጊዜ አዟዙረውት መጨረሻ ላይ መጀመሪያ የነበረበት ቦታ አስቀመጡት። እሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ከንፈሩን እየነከሰ ላለማነከስ ይታገላል። እኔ ሶፋው ላይ ተቀምጬ፣ ወይ ጋሼ፣ ለካ እንዲህ ጎበዝ ኖሯል እላለሁ።

በዚያ በኩል የማዶዎቹ ሐኪም ፊልሙን ሲያይ "ይህ ልጅ ከልምምድ በኋላ ሲሚንቶ ይሸከማል እንዴ?" አለ አሉ። በእጁ ሲነካው ምንም የለውም፤ ፊልሙ ግን ፊልም ነው። ሽያጩ ቀረ። ደጋፊው መንገድ ላይ ወጥቶ ጨፈረ። ጎሚስታው ያን ቀን ለመጣው መኪና ሁሉ ጎማ በነፃ ነፋ፤ አንዱን ከመጠን በላይ ነፍቶ አፈነዳው። ማታ ጋሼ ራጅን ሲያቅፉት እሱ "እኔ ምንም አላደረግኩም" ይላል፤ እነሱም "ገባን፣ ገባን" እያሉ ይጠቅሱታል።

ደስታው ሁለት ቀን ቆየ። ከዚያ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ባለፍራሹ ያልተሸጠውን ሹልኬን ሊያስፈርም ይቅርና፣ ቅዳሜ ዕለት የቀረችውን የስድስት ወር ውል ቀዶ አሰናበተው። "የተበላሸ ዕቃ ቦታ ነው የሚይዝብኝ" አለ፣ አሁንም በሬዲዮ። እንግዲህ ልጁ የማዶም የኛም ሳይሆን ቀረ። ጉልበቱ የተበላሸ ተጫዋች የሚል ስም ከወጣበት በኋላ ማን ይነካዋል?

ይብስ ብሎ ሹልኬ ማነከስ ጀመረ። እውነቴን ነው። ትናንት በሁለት ተከላካይ መሐል የሚበር ልጅ፣ ጉልበትህ አልቋል ሲሉት ጉልበቱ አመመው። ሰው አንዳንዴ የተነገረውን ያህል ነው የሚታመመው። በሳምንቱ ዱላ ገዛ።

ጋሼ ራጅ ምግብ አቆመ። እሑድ ስታዲየም አልሄደም፤ ይህ እናቱ የሞቱ ዕለት እንኳ ያልሆነ ነገር ነው። እኔ ምክንያቱን አላውቅም። "ምን ሆነሃል?" ስለው "ጉልበቴን" አለኝ፤ እኔም "ጉልበትህማ የጎረምሳ ነው" ብዬ ትከሻውን መታ መታ አደረግኩት። ያየኝ አስተያየት እስካሁን አልጠፋኝም። ቢናገር ሃያ ዘጠኝ ዓመት የገነባው ስሙና እንጀራው ይሄዳል፤ ባይናገር የልጁ እግር ይሄዳል። ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ያድር እንደነበር እህቴ ኋላ ነገረችኝ። "ቁምሣጥኑ አድክሞት መስሎኝ" አለች።

ሹልኬ ሲባረር ደጋፊው የፋብሪካውን በር ስለዘጋ፣ ባለፍራሹ ፊቱን ሊያሳምር ፈለገ። ለክሊኒካችን ስድስት ፍራሽ በስጦታ ሊሰጥ ፎቶ አንሺ ይዞ መጣ። አምበል መኪናው በር ላይ ቆመ። ጎሚስታውም ኮሚቴውን ይዞ ሊጮህበት መጣ። የክሊኒኩ ኃላፊ ፍራሽ የሚያወርድ ሰው ሲፈልግ ዓይኑ ጋሼ ራጅ ላይ አረፈ፤ የጎረምሳ ጉልበት እንዳለው ሀገሩ ሁሉ ሰምቷል። ጋሼ ራጅ አንዱን ፍራሽ በራሱ ላይ ተሸክሞ በኮሪደሩ ወደ ውስጥ ሲመጣ፣ ሹልኬ ደግሞ የሐኪሟ ቀጠሮ ስለነበረው በዱላው እየተደገፈ ከወዲያ መጣ። መስኮቴ ፊት ለፊት ተገናኙ። ጤነኛው ያነክሳል፣ በሽተኛው ፍራሽ ተሸክሟል።

ሹልኬ ዱላውን ወደ ግድግዳው አስደግፎ "ልርዳዎት ጋሼ" አለው።

ይህን ጊዜ ጋሼ ራጅ ፍራሹን ለቀቀው። ፍራሹ ፎቶ አንሺው ላይ ወደቀ።

"ልጄ" አለ፣ "አንተ ምንም የለህም። ያ ጉልበት የኔ ነው።"

ማንም አልገባውም። ሐኪሟ ከክፍሏ ወጥታ "ምን አሉ?" አለች።

"ፊልሙን ለወጥኩት! ለማዶዎቹ የላክሁት የኔን ጉልበት ነው። አንቺ ያየሽው የሱን ነው። መሳቢያ ውስጥ ደብቄው ነበር፣ እንዴት አንቺ ጋ እንደደረሰና የኔ ስም እንደተለጠፈበት ግን እግዚአብሔር ይወቅ!"

እግዚአብሔር ብቻ ሳይሆን እኔም አውቅ ነበር። ከመስኮቴ ስር ጎንበስ አልኩ።

ሐኪሟ ጊዜ አላጠፋችም። ጋሼ ራጅን ወንበር ላይ አስቀምጣ ግራ ጉልበቱን ያዘችና አጠፈችው፤ እንደ ደረቅ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ካርድ ክፍል ድረስ ተሰማ። "በዚህ ጉልበት ነው ፍራሽ የሚሸከሙት?" አለች። ቀጥላ የሹልኬን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ አጠፈች። "ዱላውን ማን አዘዘልህ?"

"ማንም። ራሴ ነኝ የገዛሁት።"

"ለሸጡልህ መልስላቸው።"

ሹልኬ ቆመ። አንድ እርምጃ ሄደ፣ ሁለት ሄደ። ማነከሱ በሦስተኛው እርምጃ ጠፋ። ጎሚስታው እንባው መጣ።

ከሁሉም የፈጠነው ባለፍራሹ ነበር። ስልኩን አውጥቶ "እንግዲያው ሽያጩ ይቀጥላል!" ብሎ መደወል ጀመረ። እዚህ ላይ ነው እኔ ቀና ያልኩት። የክለቡ ተጫዋቾች የሚታከሙት በክለቡ ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤው ደግሞ የሚቀመጠው እኔ ጋ ነው። የሹልኬን ካርድ መዝዤ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ በመስኮቴ አነበብኩላቸው፦ "ይህ ተጫዋች ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ከክለባችን ጋር ምንም ዓይነት ግንኙነት የሌለው ስለሆነ፣ ስለ እሱ ማናቸውንም ነገር ለክለቡ እንዳታሳውቁ።" ፊርማው የባለፍራሹ ነው፤ ማኅተሙ ፍራሽ አለበት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ልለው ነበር፤ እሱ ግን መልቀሙንም አላገኘው። ስልኩን ኪሱ ከቶ ወጣ። ስለ ፍራሼ ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ አልደረስኩበትም።

"ነፃ ወጣህ!" ብሎ ጎሚስታው ሹልኬን አቀፈው። "በቃ፣ አሁን የኛ ነህ! ኮሚቴው ተሰብስቦ…"

"የናንተ?" አለ ሹልኬ።

ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ፊቱ ቀልቷል።

"እሱ ዕቃ ነህ ብሎ ሸጠኝ። እናንተ ደግሞ ደበቃችሁኝ። በመሳቢያ! ጋሼ፣ እርስዎ ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ነበር። እንዳትነቃነቅ አሉኝ። መሄድ ትፈልጋለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው አለ?"

ጎሚስታው መሬት መሬቱን አየ። እኔም አየሁ፤ እኔ ራሴ ካርዱን ሳወጣለት ምን ያምሃል እንጂ ምን ትፈልጋለህ አላልኩትም። ጋሼ ራጅ ከወንበሩ ሊነሳ ሞክሮ አቃተውና እዚያው ሆኖ ጠየቀው።

"እሺ ልጄ። ምን ትፈልጋለህ?"

 "መሄድ ነው የምፈልገው" አለ ሹልኬ። "እናቴ ድልድዩን ተሻግራ ነው የምትኖረው። ከሷ ሌላ ቤት ውስጥ ሰው የለም፤ በሁለት አውቶቡስ እየሄድኩ ነው የምጠይቃት። ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ማሊያው ላይ 'ተኙ' ተጽፎብኝ መሮጥ ሰልችቶኛል።"

ማንም አልሳቀም። ጋሼ ራጅ እጁን ዘረጋልኝ፣ ደግፌ አስነሣሁት።

ኋላ የክሊኒኩ ኃላፊ ከሥራ ሁለት ወር አገደው፤ ለጉልበቱ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት በዚያው ሁለት ወር ስለነበር ቅጣቱን አልጋ ላይ ጨረሰው። እህቴ ስለ ቁምሣጥኑ ሁለት ቀን አለቀሰች፣ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ደግሞ ስለ ውሸቱ ሁለት ሳምንት ተቆጣች። እኔም መሳቢያ መክፈት ትቻለሁ። ያን ዕለት ግን ሐኪሟ "ያበላሹትን ራስዎ ያስተካክሉ፣ እኔ አጠገብዎ ቆሜ አያለሁ" አለችውና ሹልኬን እንደገና ራጅ ክፍል አስገባው። በሩን አልዘጋም። "ትንፋሽ ያዝ" የሚለውን እንኳ በቀስታ ነው ያለው።

ፊልሙ ደርቆ ሲወጣ መብራቱ ላይ ሰቅሎ ብዙ ቆየ። "አቤት! ምን ዓይነት ጉልበት ነው" አለ። ቀጥሎ አለቀሰ፤ እንደ ልጅ፣ በነጭ ጋውኑ እጅጌ አፍንጫውን እየጠረገ። እኔም አለቀስኩ፣ ኳስ ባይገባኝም። ወረቀቷን በጥንቃቄ ጽፎ ጥጉ ላይ ለጠፈ፣ ፊልሙን ፖስታ ውስጥ ከተተው። ፖስታው ላይ ሁልጊዜ የክለብ ስም ነው የሚጻፈው፤ እስክሪብቶውን ይዞ ቀና አለ።

"ለማን ልበል?"

"ለኔ" አለ ሹልኬ።

ጻፈለት፣ በእጁም ሰጠው። ልጁ ጎንበስ ብሎ ጉንጩን ሳመውና በኮሪደሩ ቀጥ ብሎ እየተራመደ ወጣ። ጎሚስታው በሩን ያዘለት። ዱላው መስኮቴ አጠገብ ተረስቶ ነበር፤ ጋሼ ራጅ አነሣውና እየተደገፈበት ወደ ሐኪሟ ክፍል ሄደ፤ እኔም ካርዱን ይዤ ተከተልኩት።